አምስት ማንኪያ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለሜ፦

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ሲሉሽ ታቃስቻለሽ? እማዬ ደህና ናት? ልጆቹስ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም። ለማንም ያልነገርኩትን ላንቺ ልተንፍሰው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

በማጸዳው ሕንፃ ምድር ቤት አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ አሉ፤ ከውሻቸው በቀር ዘመድ የላቸውም። ባለፈው ወር መንገድ ላይ ወድቀው ሆስፒታል ገቡ። ዘጠኝ ቀን አንደበታቸው ተያዘ፤ በአሥረኛው ሲፈታላቸው መጀመሪያ ያሉት «ውሻዬ!» ነው አሉ። ቁልፍ ያለኝ እኔ ነኝና ተደወለልኝ፤ ሮጬ ከፈትኩ። እታለሜ፣ እኔ እኮ በየቀኑ እዚያ በር ፊት ወለል ስወለውል ነበር! አንድ ቀን እንኳ ጆሮዬን ጠጋ አላደረግሁም።

የስፌት መኪናው ሥር ተኝታ አገኘኋት። ከሚያንጠባጥብ ቧንቧ ውሃ እየላሰች፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ እያኘከች ነው የቆየችው። አጥንቷ ይቆጠራል። የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ስደውል መጀመሪያ ኪሎዋን ጠየቀኝ። አቅፌያት የጎረቤት ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ አምሳ አምስት። ብቻዬን ወጣሁ፤ አርባ ስድስት። ዘጠኝ ኪሎ ናት ማለት ነው። ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ሰው አልወጣንም ብዬ ሳቅሁ። ሐኪሙ ግን አልሳቀም። «የራሰ ምግብ አምስት ማንኪያ፣ በቀን አራት ጊዜ። ብትለምንሽም እንዳትጨምሪ፤ ተርቦ የከረመ ሆድ በአንዴ ከሞላ ልቧ ይቆማል» አለኝ።

ሁለት ቀን እየለካሁ ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን ልሳ ስትጨርስ እጄን ላሰች፣ ከዚያ ማንኪያውን፣ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። አንጀቴ አልቻለም። ሐኪም ስለ ረሃብ ምን ያውቃል አልኩና ሳህኑን ሞላሁላት፤ ደገምኩላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጭራዋን ቆላችልኝ። በማግስቱ ጠዋት እግሯ ከዳት፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ እቅፌ ውስጥ አለፈች።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስሄድ «ትበላለች?» ይሉኛል። «ደህና ትበላለች» እላለሁ። አራት ቀን ዋሸሁ። ሐሙስ ዕለት ከዘራ ተደግፈው ሲመጡ ግን በሩ ላይ ቆሜ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና፣ «ስትሞት ጠግባ ነበር?» አሉኝ።

«አዎ አባባ።»

«በይ ተይኝ፣ ልጄ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ ወዲህ የስፌት መኪናው ድምፅ ተሰምቶ አያውቅም። የማደርስላቸው ምግብ እንደሄደ ይመለሳል። ጨክኜ ያጠፋሁት ቢሆን ይቅርታ እለምን ነበር፤ አዝኜ ላጠፋሁት ምን ብዬ ልለምን?

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ግን እንዳታነቢላት። ባለቤትሽን በአክብሮት እጅ ነሥቻለሁ። ትልቁን በርታ በትምህርትህ በይልኝ። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ አክስቴ ቡችላ ትግዛልኝ ላለችው፣ አክስትሽ ማሳደግ አትችልበትም በያት።

ታናሽ እህትሽ
ደረጃው ሥር ካለችው ክፍሌ
ጥር ፲፰ ቀን