በክፍሉ ስም የሚደውለው ስልክ

ጅቡቲ ለሚገኘው ለታላቅ ወንድሜ ለዓብዲ ይድረስ። አሰላሙ አለይኩም። ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? ባለቤትህ ቱሪያና ሕፃኗስ ደህና ናቸው? እናታችን አልሐምዱሊላህ ደህና ናት፤ ጎረቤቱን ሁሉ እንደ ወትሮዋ ትቆጣለች። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ይህን በፖስታ ልልክ አልደፈርኩም፤ በባቡር ለምትመጣው ለነጋዴዋ ጎረቤታችን ለሃሊሞ በእጇ ሰጥቻታለሁ።

አምና በዲስክ የላክህልኝ ሲስተም፣ «ውስጡ ለማንም ክፍት ነው፤ አንብቢው» ያልከኝ፣ በመሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተር ላይ ተጭኗል። ደብዳቤዎቼን በስልክ መስመር ወደ አንተ ቢሮ የሚያደርሰውን፣ አንተ የሠራኸውን ፕሮግራም ከጀርባ እንዲሠራ ትቼዋለሁ። ድሬ ሱቋን ዘግታ በምትተኛበት፣ መስመሩ ነፃ በሚሆንበት ከቀኑ በሰባት ሰዓት ተኩል ራሱ ይደውላል።

የኛን ስንፍና ታውቀዋለህ። ባልደረባችን ክፍሉ ጠዋት ማሽኑን በስሙ ይከፍታል፤ ሌሎቻችን ዘግተን በየስማችን ከመግባት ይልቅ እሱ በከፈተው እንሠራለን። ፕሮግራሙን ያስነሳሁት በክፍሉ ስም ነው። እሱ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት የስልክ ዝርዝር መጣ። ቢሮው ባዶ በሚሆንበት ሰዓት በየቀኑ ወደ ጅቡቲ ተደውሏል። የመሥሪያ ቤታችን ካድሬ ማሽኑን ሲያስመረምር የክፍሉ ስም ወጣ። «ለማን ነው ወሬ የምታቀብለው?» ቢለው ክፍሉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። በዚያው ወሰዱት። የላክሁት የእናታችን ሳልና የሽንኩርት መወደድ መሆኑን ማን ያምነኛል?

ደንግጬ ክፍሉ ከፍቶት የሄደውን ዘጋሁ። ሰው ስሙን ዘግቶ ሲወጣ ያስነሳው ሥራ ሁሉ አብሮት የሚወጣ መስሎኝ ነበር። አንተ ለካ ቢዘጋም እንዳይቆም አድርገኸዋል። በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ብቻዬን ቀርቼ ስጠብቅ፣ ልክ በሰባት ተኩል መደወል ጀመረ። ሰውየው እስር ቤት፣ ስሙ ሥራ ላይ።

ማስቆሙ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ዝም ብዬ ካቆምኩት ግን «ክፍሉ ሲታሰር ጥሪው ቆመ» ይላሉ፤ አለቀለት። ሦስት ልጆች አሉት፤ ሚስቱ በለጠች በየቀኑ በራችን እየመጣች «ምን ሰማሽ?» ትለኛለች፤ ዓይኗን ማየት አቅቶኛል። ስለዚህ ሰኞ ካድሬውን ማሽኑ ፊት አስቀምጬ፣ ያለ ክፍሉ ሲደውል አሳየዋለሁ። ያስነሳሁት እኔ መሆኔንም እነግረዋለሁ። ከዚያ እዚያው ፊቱ አቆመዋለሁ።

ለእናታችን እስካሁን አልነገርኳትም። ቱሪያን ሳምልኝ፤ ሕፃኗን ጉንጯን ቆንጥጥልኝ፤ አጎታችን መሐሙድን በዱዓው እንዳይረሳኝ በልልኝ።

ሰኞ መስመሩ ሲጠራ ያንተ ማሽን እንደ ወትሮው ይቀበል። ማክሰኞ ከጠራ ግን እንዳትመልስ፤ የሚደውለው እኔ አይደለሁም።

እህትህ ዑግባድ
ድሬዳዋ፣ መጋላ
ሐሙስ ኅዳር 6 ቀን 1983 ዓ.ም.