ሲኒማ ቤቱ አይሸጥም

አዲስ ከተማ፣ እህል በረንዳ
ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዱንያ አባት፣ ለባህረዲን፤
ቡታጅራ

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህን አላህ ይጠብቅልኝ። እኔም ልጅህም ደህና ነን። ስልኬን አላነሳ ስላልክ ብዕር አነሳሁ። የጎረቤታችን የሐጀራ ልጅ ነገ ወደዚያ ስለምትሄድ እጅህ ላይ ታደርስልሃለች። ወንድምህ ሙናዊር ሳይቀድማት አንብበው። እሱ የሚመጣው ሊያስፈርምህ ነው፤ አትፈርም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙናዊር ለሲኒማ ቤቱ ገዢ አገኘ። ሰውየው አፍርሶ የገበያ ሕንፃ ሊያቆምበት ነው። አዳራሹ ሰፊ መስሎ እንዲታይ ብሎ፣ ጤፍ የሚያከማቹበትን ነጋዴዎች ጆንያቸውን አስወጣቸው። ከኋላ ካለው ቤታችን ወጥቼ አየሁት። ባህረዲን፣ አዳራሹን ባዶውን ካየሁት ስንት ዘመኔ! አባትህ ከግንበኛው ጋር እየተጨቃጨቁ ያስነጠፉት ቀይ ሸክላ አንዱም አልተነቃነቀም። መጥረጊያ አነሳሁ።

አባትህ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ይህን ቤት ሲያቆሙ ‹‹የሸይጣን ቤት ሠራ›› ተብለው ተሰድበዋል። ሴት ሲኒማ ገባች ከተባለ ስሟ በሚጠፋበት ጊዜ፣ ፎቁን ለሴቶች ብቻ ለይተው እናትህን ከፊት አስቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ማን ምን ይበል! ደርግ ወርሶ የቀበሌ መሰብሰቢያ ሲያደርገው እንኳ፣ ባፈሰሰ ቁጥር ጣሪያ ላይ የሚወጡት እሳቸው ነበሩ። ‹‹ቤቱ ምን በደለ?›› ይሉ ነበር። ከተመለሰልን በኋላም ቪዲዮ ቤቱ በዝቶ ሰው ራቀን እንጂ ቤቱ አልከዳንም። አንተም ‹በእኔ እጅ ተዘጋ› ብለህ አፍረህ ከሰው ዓይን ወደ ቡታጅራ የሸሸኸው ያኔ ነው።

ገዢው ሐሙስ ከሰዓት እንደሚመጣ ሰማሁ። ከልጅህ ጋር ግድግዳውን ኖራ ቀባነው። ዲሽ የሚጠግነው ብሩክ ፕሮጀክተር አመጣ፤ ሐጀራ ከበርበሬ መደብሯ አግዳሚ ወንበሮቿን አሸክማ መጣች። ተሸካሚው፣ ሊስትሮው፣ የበረንዳው ነጋዴ ሳይቀር ገባ። የድሮ የህንድ ፊልም ከፈትን። ሽማግሌዎቹ ቋንቋውን ሳያውቁ ዘፈኑን አብረው ሲያወርዱት ብትሰማ!

መሃል ላይ ሙናዊር ገዢውን አስከትሎ ገባ።

‹‹ሀምዲያ! ምንድነው ይሄ? ሰውየው እኮ ቤቱን ሊያይ ነው የመጣው!››

‹‹ይየዋ! ሲኒማ ቤት የሚታየው እንዲህ ነው።››

‹‹አንቺ ወራሽ አይደለሽም። በማን ፈቃድ ነው?››

‹‹ወራሾቹ ጥለውት ሲሄዱ ጣሪያውን የደፈንኩት በማን ፈቃድ ነበር?››

ሰው ሁሉ ወደኛ ዞረ። ሐጀራ ከፎቁ ላይ ‹‹ዝም በሉ እንጂ፣ ፊልም እያየን ነው!›› ብላ ስትጮህ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ገዢው ለሙናዊር፣ ‹‹ጠብ ያለበት ቤት አልነካም። መጀመሪያ የወንድምህን ፊርማ ይዘህ ና›› ብሎት ወጣ።

ስለዚህ የቀረው ያንተ ፊርማ ነው። ሙናዊር ሀምዲያ አብዳለች ይልሃል። ልበድ! ዶዘር ቢያመጡም በሩ ላይ ነው የሚያገኙኝ። ብትፈርምም አልወጣም። ባትፈርም ግን ብቻዬን አልሆንም። ደግሞ ከእሁድ ጀምሮ በየሳምንቱ እናሳያለን፤ ለሙናዊርም ንገረው።

ና አላልኩህም። ብቻ የድሮው መግቢያችን በመንገድ ሥራ ስለተዘጋ፣ ከአውቶቡስ የሚወርድ ሰው አሁን በጭድ ተራ በኩል ነው የሚዞረው። ይህን የማያውቅ ሰው ዝም ብሎ ይንከራተታል።

አላህ እጅህን ከሚያስቆጭ ፊርማ ይጠብቅልኝ። ለሚመጣም ሰው መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

የዱንያ እናት፣
ሀምዲያ