ሁልጊዜ የምሳሳተው ጥያቄ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን ስናወጣ ልጽፍልህ ነበር፤ ቁጭ ማለት አቃተኝ። አሁንም እንዲሁ ነኝ፤ ይህችን እስክጽፍ እንኳ ሁለት ጊዜ ተነስቼ በሩ ላይ ቆሜ ተመልሻለሁ።

እማዬ ደህና ናት። አንተ ቀርከሃ ትሰነጥቅበት የነበረውን ዳስ ሳታፈርስ ዶሮዎቿን አስገባችበት። ጀምረህ የተውከውን ወንበር ግን ማንም እንዲነካው አትፈቅድም፤ ዶሮ ከወጣበት ዱላ ይነሳል። እኔ አሁንም ዳንግላ ነው የምሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እንጅባራ እመጣለሁ።

አዲሱ ነገር፣ ካናዳ በነርስነት ለመመዝገብ ልፈተን ነው። እዚህ ተምሬ ስምንት ዓመት መሥራቴ ለእነሱ አይበቃም። አሥራ አንድ ቀን ቀረኝ። ኔትወርክ ሲኖር በስልኬ የመለማመጃ ጥያቄ እሠራለሁ፤ ሲጠፋ እዞራለሁ። ባለፈው እሁድ ደብተሬን ይዤ ዘንገና ድረስ ሄድኩ፤ ሐይቁን ዞሬ አንድ ገጽ ሳልገልጥ ተመለስኩ። ብታየኝ ምጥ እንደያዛት ላም ምን ያንቆራጥጥሻል ትለኝ ነበር።

የከበደኝ እንግሊዝኛው እንዳይመስልህ። ከአራት በሽተኞች መጀመሪያ የትኛውን ታያለሽ ይላል፤ እኛ ጋ ቀድሞ የሚታየው ዘመዱ አብዝቶ የጮኸለት መሆኑን ስለማያውቁ እየሳቅሁ አልፈዋለሁ። የምሳሳተው አንዱን ነው። በሽተኛው ልቡ ጠርጥሮ፣ እሞታለሁ ወይ ብሎ ነርሷን ይጠይቃታል። እኔ አይዞህ፣ ትድናለህ የሚለውን መልስ እመርጣለሁ፤ ቀይ ይሆናል። ጥያቄው በሌላ በሽተኛ ተመልሶ ይመጣል፤ እንደገና እሱኑ እነካለሁ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ማብራሪያውን በቃሌ እወጣዋለሁ። እጄ ነው እምቢ የሚለው።

ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ወይም አታውቅም፤ የሚያስጨንቀኝም እሱ ነው። ባሕር ዳር ሐኪሙ እኔን ብቻ ኮሪደር ላይ አውጥቶ ካንሰሩ ጉበትህን እንደጨረሰው ነገረኝ። እኔም እንዳገሩ ደንብ ለእማዬና ለእህቶችህ ነገርኩ፤ ላንተ ጨጓራ ነው አልንህ። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር እያልክ ነበር ያሳደግኸን፤ አልጋህ ዙሪያ ግን አንድም እውነት የሚናገር አልነበረም። አንድ ቀን ጠዋት ትራስህን ሳስተካክል እጄን ይዘህ፣ ይህ ነገር ይለቀኛል ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። ትድናለህ አልኩህ። ነርስ ነኝና አመንከኝ። አዘና ከሚኖረው ወንድምህ ጋር በመሬት ድንበር የተኳረፋችሁትን ለፋሲካ አቆየኸው፤ ስድን በእግሬ ሄጄ እታረቀዋለሁ አልክ። በሁለተኛው ሳምንት ሞትክ። አጎቴ ለቀብር መጥቶ ሳጥንህን አቅፎ ሲያለቅስ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም። እስከ ዛሬም አልቻልኩም።

ሰኞ ዕለት ሥራ ላይ ሳለሁ፣ አባታቸውን ይዘው ከጥሊሊ የመጡ ወንድማማቾች እሱ እንዳይሰማ ወደ ውጭ ጠርተው፣ ሕመሙን እንዳልነግረው ለመኑኝ። ደንቡ የኔም ስለሆነ አልተቆጣሁም። ማንን ማየት እንደሚፈልግ ግን ዛሬውኑ ጠይቁት አልኳቸው። ማክሰኞ ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ የማላውቃቸው አሮጊት ተቀምጠው እግሩን ያሹለት ነበር። ማን እንደሆኑ አልጠየቅሁም።

ዛሬ ያ ጥያቄ እንደገና መጣ። ስለ ሕመምህ ምን ማወቅ ትፈልጋለህ የሚለውን ነካሁ፤ አረንጓዴ ሆነ። ደስ አላለኝም። አንተን መበደሌን አምኜ የፈረምኩ መሰለኝ። ተነስቼ ግቢውን ዞርኩና ይህን ወረቀት አወጣሁ።

ካናዳ ብሄድም እዚሁ ብቀርም፣ እጄን የያዝክበትን ያን ጠዋት አልረሳውም። እንዲያ ብሎ ከሚጠይቀኝ ሰው አጠገብ እቀመጣለሁ እንጂ አልሸሽም፤ ቃሌ ነው። ከፈተናው በፊት አዘና ሄጄ፣ ልትታረቀው ቆርጠህ እንደነበር ለአጎቴ እነግረዋለሁ። ትድናለህ ብዬ ያቆየሁህም እኔ መሆኔን እነግረዋለሁ፤ ከፈለገ ይቆጣኝ።

ላንተ ደግሞ፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ የጠየቅኸኝ መልስ ይኸው። አትድንም ነበር፣ አባዬ። አውቅ ነበር።

ልጅህ