ያወለቅሁት ነጭ ጋውን

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀዎ ወይስ ከብርዱ ጋር ተመልሶ መጣ? ጾሙስ አላደከመዎትም? ደክመው እንኳ ደከመኝ እንደማይሉ አውቃለሁ። እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነኝ። እናንተ ሰላ ድንጋይ ላይ ጋቢ ደርባችሁ ስትንቀጠቀጡ፣ እኛ እዚህ ጋምቤላ ግድግዳው ሳይቀር የሚያልበው እስኪመስል በሙቀት እንቀቀላለን።

ወለላ እህቴ፣ ይህን ለአባዬ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽ። ጎረቤት ሳይሰበሰብ፣ በሩን ገርበብ አድርገሽ አንብቢላቸው። የሚያስቆጣቸው ቦታ ስትደርሺ ዘልለሽ እንዳታልፊ፤ ልማድሽን አውቀዋለሁ።

አባዬ፣ ለምን በስልክ አልነገርከኝም ይሉኝ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እርስዎ ደግሞ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ያደርጉና ሰፈሩን ሁሉ ሰብስበው «ዶክተር ልጄ ነው፣ ያመማችሁን ንገሩት» ይላሉ። ነርስ ነኝ ብል ማን ሊሰማኝ! አንዱ ወገቡን፣ አንዷ ጨጓራዋን ሲነግሩኝ የእኔ ኑዛዜ በየት በኩል ይግባ? ስለዚህ ለእረፍት ወደዚያ ለሚመጣ መምህር ይህን ወረቀት ሰጠሁት።

እንግዲህ ልናገረው። ሕክምናውን ከተውኩ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ማንም አላባረረኝም፣ ያጠፋሁትም ጥፋት የለም፤ በገዛ እጄ ጽፌ ለቀቅሁ። አሁን የምሠራው ሱሩር የሚባል ሰው ብየዳ ቤት ነው። ብረቱን የሚበይዱት እነሱ ናቸው፤ እኔ ዕቃው ከመሠራቱ በፊት ቅርጹንና ልኩን በወረቀትና በኮምፒውተር እነድፋለሁ። ንድፉን የተማርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ጋሼ ከሚሉኝ ልጆች ጋር ወንበር ተጋፍቼ ነው። ወለላ፣ እስቲ ውኃ ስጫቸው።

ነገሩ የጀመረው ከኢታንግ ወዲያ ባለው ጤና ጣቢያ ሳለሁ ነው። ክረምት ባሮ ሲሞላ መኪና ወደ መንደሮቹ አይገባም። አንድ ቀን ኛቹዎል የምትባል ነፍሰ ጡር በአልጋ ላይ ታስራ፣ አራት ወንዶች ተሸክመዋት ከጠዋት እስከ ከሰዓት ተጉዛ ደረሰች። ተመስገን፣ እሷም ልጇም ተረፉ። እኔ ግን እየሰፋኋት ሐሳቤ ደጅ ከቀረው አልጋ ጋር ነበር። ጎማ ቢኖረው፣ ከሞተር ሳይክል ኋላ ቢታሰር፣ ጥላ ቢደረግበት እያልኩ። እሷን እንዳስተኛሁ አንድ የካርድ ወረቀት ገልብጬ ጀርባው ላይ ሣልኩት። ከዚያ በኋላ መሣሉን መተው አቃተኝ። አባዬ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ መርፌ ስወጋ አንድም ቀን ልቤ እንደዚያ አልመታም።

የመጀመሪያውን ቃሬዛ ልክ እንዴት አድርጌ እንዳወጣሁት ልንገርዎ? እኔው ወለሉ ላይ ተጋደምኩና ሱሩር በጠመኔ ዙሪያዬን አሰመረ። ሱሩር ከእኔም ያጠረ ነው። ሁለት ደገኞች ተያይተን «እንዲያውም ሰፋ!» ተባባልን። ከዚያ ተበይዶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ወደ መንደር ወሰድነውና ጋች የሚባል የሞተር ነጂ ልሞክረው ብሎ ተኛበት። ጋች የኑዌር ልጅ ነው፣ በየቤቱ በር ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ከጉልበቱ በታች ያለው እግሩ ከብረቱ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ተጋድሞ ሳለ «ለእግሬስ ሌላ ሞተር ይመጣል?» ብሎ ቢጠይቅ የመንደሩ ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ውስጤ አፈረ። ስምንት ዓመት ያከምኳቸውን ሰዎች ቁመት እንኳ ልብ ብዬ አላየሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሜትር ይዤ ሰው ሳልለካ አንድ መስመር አላሰምርም። ዛሬ አሥራ አራት ቃሬዛዎች በየመንደሩ ሰው ያመላልሳሉ።

ደስ ይለኛል አባዬ። የሚያሳፍረኝም ይኸው ደስታ ነው። አጓ የሚባለው የጤና ጣቢያ ባልደረባዬ እኔ ከወጣሁ ወዲህ የሁለት ሰው ሥራ ብቻውን ይሠራል። ባገኘኝ ቁጥር ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል እንጂ አይወቅሰኝም፤ ምነው በወቀሰኝ! እርስዎም ልጄ ለዚህ በቃልኝ ብለው፣ በተመረቅሁ ዓመት ለጊዮርጊስ ስለትዎን ጃንጥላ ያስገቡ አባት ነዎት። ያን ጃንጥላ ሳስበው እህል አይወርድልኝም።

ግን ሥራ መቀየሬን ኃጢአት አልለውም። ኃጢአቴ ሌላ ነው። ባለፈው ኅዳር የዓይን ሐኪሞች ወደ እናንተ መጥተው የዓይንዎን ሞራ እናንሣልዎ ሲሉዎ፣ «ልጄ ጋውኑን ለብሶ አጠገቤ ካልቆመ ስለት ዓይኔን አይነካውም» ብለው ደወሉልኝ። ያኔ እሺ ይበሏቸው ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ፈራሁ። ብመጣ ጉዴ ሊወጣ ነው፤ የቱን ጋውን ለብሼ፣ የቱን መታወቂያ አሳይቼ ልገባ? ስለዚህ «ገና አልበሰለም፣ ትንሽ ይቆይ፣ እኔ መጥቼ አየዋለሁ» አልኩዎ። አልበሰለም ያልኩት ዓይንዎን ሳላይ ነው። ዋሸሁዎ። እርስዎም አመኑኝና ስምዎን ከመዝገቡ አስፋቁ።

ባለፈው ሳምንት ወለላ ከደጃፉ ደረጃ ወድቀው ክንድዎ እንደተላላጠ ነገረችኝ። የእሷን ልጅ፣ ኤልናታንን፣ አሁን በድምፁ ብቻ እንደሚለዩትም ነገረችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የእኔን ስም ለመጠበቅ ስል የእርስዎን ብርሃን አዘገየሁብዎ።

ሐኪሞቹ ከዳግም ትንሣኤ ማግሥት እንደገና ይመጣሉ አሉ። ወለላ ነገውኑ ሄዳ ታስመዝግብዎ። ይበስላል አይበስልም የሚለውን አይተው የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ የእኔን ቃል ከእንግዲህ በሕክምና ነገር አይጠብቁ። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ፈቃዴንም ተቀብያለሁ። እጅዎን ይዤ እስከ በሩ አደርስዎታለሁ። ወደ ውስጥ ግን አልገባም፤ እንደማንኛውም ሰው ልጅ ከውጭ ቁጭ ብዬ እጠብቅዎታለሁ።

ወለላ፣ ሥራ መልቀቄን ደብቂልኝ ብዬ አንቺንም ከእኔ ጋር በውሸት ስላሰነበትኩሽ ይቅር በዪኝ፤ ለባለቤትሽም ሰላምታዬን አድርሺ። ኤልናታንን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። ያቺን ጨጓራዋን የምታመውን ጎረቤታችንንም ሰላም በዪልኝ፣ ስልክ መጠበቅ ትታ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

አባዬ፣ አይቆጡኝ ብዬ አልለምንዎትም። መርገምም ቢያሰኝዎ የአባትነት መብትዎ ነው፣ አጎንብሼ እቀበላለሁ። ብቻ መጀመሪያ ይታከሙ። ከዚያ ፊቴን እያዩ ይርገሙኝ።

ልጅዎ አሸብር

ጋምቤላ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.