ጠዋት ጠዋት እምቢ የሚለው ኪቦርድ

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ
የፎቶ ኮፒ ቤቱን ከፈትሁ። ወለሉን ጠረግሁ። የሰፈራችን የለቡ አቧራ ዛሬም አላረፈም። ትናንት ማታ የቤቱ ባለቤት እትዬ ማናዬ እንዳዘዙኝ ኪቦርዱን በነጠላ ሸፍኜ፣ ነፋስ እንዳይገልጠው ይህን ደብተር ጭኜበት ነበር። ኮምፒውተሩን አበራሁ... ጮኸ። የእንግሊዝኛ ቃላት አውጥቶ ቆመ። ኪቦርዱን ብነካካው ዝም። እንዲያርፍ መልሼ ሸፈንሁት፤ ደብተሩንም ጫንሁበት፤ ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ። ያው ጩኸት።

ከጥበቃነት ወደ ጸሐፊነት ከተሻገርሁ ሁለተኛ ቀኔ ነው። በሁለት ቀን ማሽን መግደል... ይህም ችሎታ ነው።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ
ዛሬም እምቢ። ጎረቤታችን የኮምፒውተር ጠጋኙ ጋሽ ሃሩን መጡ። ነጠላውን ገልጠው የኪቦርዱን ገመድ ነቀሉና ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰኩት። አበሩት... ሠራ!
«አንተ ልጅ፣ ለታ፣ ምን ሆነ ብለህ ነው የጠራኸኝ?»
«ጠዋት እምቢ ብሎኝ ነበር፣ ጋሼ።»
«ጠዋት ማን እሺ ይላል!»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ
እምቢ። ጋሽ ሃሩን ሌላ ኪቦርድ አዋሱኝ።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ
የተዋስሁትም እምቢ አለ። ጥፋቱ የኪቦርዱ ካልሆነ... የማን ነው? እጄን አገላብጬ አየሁት።
እትዬ ማናዬ፦ «እስከ ነገ ካልተስተካከለ የተማረች ልጅ አመጣለሁ። አንተም ወደ ጥበቃህ።»
እኅቴ ፌኔት ከደምቢ ዶሎ ደወለች። «ጸሐፊው!» አለችኝ። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠው ወንድሟ ጸሐፊ መሆኑን ለሰፈሩ ሁሉ አውጃለች። አሁን ምን ብላ ልትሽረው ነው?

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ
ጋሽ ሃሩን ማልደው መጡ። እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።
«ምንም አልነካም። እንደ ሁልጊዜው አብራው።»
አበራሁ። ጮኸ።
«ነጠላውን ለምን አልገለጥከውም?»
«ገና አልነቃማ፣ ጋሼ።»
በአባቴ ቤት የተኛን ሰው ሳይነቃ ልብስ መግፈፍ ነውር ነው። ይህንኑ አስረዳኋቸው... ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ለካ ማታ ማታ የምጭንበት ደብተር ቁልፎቹን ተጭኖ ይዟቸው ኖሯል። ማሽኑ ሲነሣ የተጫነ ቁልፍ ካገኘ ኪቦርዱ የተበላሸ ይመስለዋል። ጭንቀቴን የምጽፍበት ደብተር ራሱ አስጨናቂዬ!
«ለማናዬ አንተው ንገራት። እኔ ከጀመርሁ አልጨርሰውም።»
ነገርኋቸው። እትዬ ማናዬ ግን አልሳቁም።
«ልጅቷ ትቅር። አንተ ቁጭ በልና የምልህን ጻፍ።»

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ
ይህን የምጽፈው ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ከኪቦርዱ ይራቅ።
ቅዳሜ በእጄ የጻፍኋት የመጀመሪያዋ ሥራዬ ከስክሪኑ በላይ ተለጥፋለች፤ በትልልቅ ፊደል፦ «መጀመሪያ ግለጥ፤ ቀጥሎ አብራ።» አንድም ስሕተት የለባትም። ዛሬ ጠዋት ታዘዝኋት። ማሽኑም ሳይጮኽ ተነሣ።
ፌኔት ደወለች።
«ጸሐፊው፣ ምን ጻፍክ?»
«ማስታወቂያ።»
«ለየትኛው መሥሪያ ቤት?»
ቀና ብዬ ከስክሪኑ በላይ አየኋት...
«ለአንድ ሰው ናት» አልኋት።