ሁለቱን ስፒከሮቼን ስላለማስረከብ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ጸጥታ ኃላፊ ለአቶ ዘይኑልአቢዲን
ሐይቅ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ጤናዎ፣ ወንበርዎ፣ ከሁሉም በላይ ጆሮዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ ከሳቅ በቀር ያገኘኝ በሽታ የለም። እህቴ ሳጂዳ ከጅዳ ስትመለስ ያመጣችልኝ ሁለቱ የእንጨት ስፒከሮች «ኋላ ቀርና ሰፈር የሚረብሹ» ስለሆኑ እስከ ዓርብ ለቀበሌው አዳራሽ እንዳስረክብ አዘዋል። ቤቴ ውስጥ የሚረብሽ ነገር አዳራሽ ሲገባ ጨዋ እንደሚሆን ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አላስረክብም እንጂ።

ቅሬታዬን እንደ መሥሪያ ቤት ደንብ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ የእርስዎን አዲስ ስፒከር በአጥር ማዶ በደንብ አውቀዋለሁ። ሰማያዊ መብራቱ ብልጭ ድርግም፣ ሆዱ ዱም ዱም ሲል የኔ ብርጭቆዎች መደርደሪያው ላይ ይጨፍራሉ፤ ዘፋኙ ወንድ ይሁን ሴት ግን እስካሁን መለየት አልቻልኩም። የኔዎቹ እንዲህ ያለ ጉልበት አልታደሉም። አምባሰል ሲከፈት የማሲንቆው ጭራ ሲፋተግ፣ ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል፤ መንዙማ ሲሆን ደግሞ ድቤው ከድምፁ ኋላ እንደ ጨዋ እንግዳ ይቀመጣል። ይህ ኋላ ቀርነት ከሆነ፣ ከኋላ መቅረቴን በማኅተም ያጽድቁልኝ።

፪ኛ፦ ለውጡ የመጣ ሰሞን እነዚህኑ ስፒከሮች በባጃጅ አስጭነው ለሰልፍ ሲወስዱ «የሕዝብ ድምፅ» ብለዋቸው ነበር። የአንዱ ጨርቅ ተቀዶ ቢመለስልኝም በነጠላዬ ቁራጭ ጣፍኩት እንጂ ቅር አላለኝም። ዛሬ ረባሽ ሆኑ። የተለወጠው ሳጥኑ ነው ወይስ ወንበሩ?

፫ኛ፦ ይቺን እንኳ ባልጻፍኳት በወደድኩ፤ ምን ላድርግ፣ አፌ አይችልም። ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ እርስዎ «ለአስቸኳይ ሥራ» ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። እናትዎ እማማ ዙለይሃ ጉልበታቸው አልንቀሳቀስ ብሎ ቀሩ፤ እኔም አብሬያቸው ቀረሁ። የስፒከሮቹን ሆድ በቢላዋ ፈትቼ በሶ በፌስታል ጠቀጠቅሁባቸውና መልሼ ገጠምኳቸው። ቤት ለቤት ፍተሻ ሲመጣ አንዱ ታጣቂ ደክሞት አንደኛው ሳጥን ላይ ቁጭ አለና «እናቴ፣ ሙዚቃ የለም?» አለኝ። «መብራት ከየት ላምጣልህ ልጄ!» አልኩት። እሱ እንደወጣ እኔና እናትዎ ከተቀመጠበት ሳጥን በሶ ጨብጠን በላን። ስፒከሮቹ ያን ሰሞን አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ያጠገቡንን ያህል ያጠገበኝ ስብሰባ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

መብራት ሲመጣ ሆዳቸውን አራግፌ መልሼ አሰርኳቸው። ዱቄቱ ይጎዳቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ወላሂ፣ ለኔ ጆሮ እንዲያውም ጣፈጡ። ስለዚህ ዓርብም ቅዳሜም እዚያው ቦታቸው ያገኟቸዋል፤ እኔንም ከጎናቸው።

ለጸጥታዎ ተቆርቋሪ፣ ለዱምዱምታዎ ታጋሽ የሆንኩት
አክባሪዎ ራዚያ ኑርሁሴን፣ ከአጥርዎ ማዶ

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ ሐሙስ ድምፁ ከፍ ይላል ያሉት እውነት ነው፤ አልክድም። ከፍ የሚያስደርጉኝ ግን እናትዎ ናቸው። መንዙማው ሲጀመር ጀርባቸውን ሳጥኑ ላይ ደገፍ ያደርጉና «ጨምሪው እንጂ ራዚያ!» ይሉኛል። ሳጥኖቹን ሊወርሱ ሲመጡ መጀመሪያ እሳቸውን ያስነሱልኝ።