ሳሎን የሚያየው በር

ሐምሌ 4፣ ጠዋት

ሲሚንቶው ገብቷል። ሴራሚኩ ገብቷል። ዝናቡም አብሮ ገብቷል። ሻወር ቤታችን አሁን አራት ግድግዳና ጭቃ ነው። ባለቤቴ ታምራት (ከዚህ በኋላ ታ.፤ ላንቺ ለደብተሬ ሙሉ ስሙን አላባክንም) ሥራውን ለእኔ ጥሎ ወጥቷል። የሒሳብ መምህርት ነሽ፣ ልኬት ታውቂያለሽ አለኝ። እውነቱን ነው።

ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው አይተላለፍባትም። ግን አስቤባታለሁ። ሳሙናና ሻምፑ ማስቀመጫው ግድግዳው ውስጥ ይቦረቦራል። እጅ መታጠቢያው ጥግ ላይ፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከጎኑ። በሩ ተንሸራታች፣ ቦታ እንዳይበላ። መስኮቷ ከፍ ትላለች፤ ብርሃን ይግባ፣ የጎረቤት ዓይን ግን አይግባ።

ታ. አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ፤ ለአባቱ እንዲመች። ሽማግሌው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከገጠር ከሌሞ መጥተው የኋላውን ክፍል ይዘዋል። ለሁለት ሳምንት ነበር የተባለው። ፋሲካ አለፈ፣ ት/ቤት ተዘጋ፣ አሁንም አሉ። ጠያቂያቸው በጋሪ እየመጣ ጭቃውን ሳሎኔ ላይ ያራግፋል። እኔ ሳህን አመላልሳለሁ። አዲሎ የምትኖር ሴት ልጅ አለቻቸው። እሷ ምን ሆነች?

ይመቻቸዋል፣ አልኩት።

ሐምሌ 7

ዛሬ ከሴራሚክ ሠሪው ከደሳለኝ ጋር ተጨቃጨቅን። በሩ በኮሪደሩ በኩል ይሁን ይላል፤ ከሽማግሌው ክፍል ቅርብ ነው፣ ማንም አያያቸውም። በሳሎን በኩል አልኩት። ለምን? ቧንቧው አይፈቅድም። ውሸት። ቧንቧው ምን ቸገረው።

ላንቺ እውነቱን ልንገርሽ። አማት ምራቱ እያየችው ሽንት ቤት አይገባም። በሀዲያ ነውር ነው፣ በእኛም በከምባታ ያው። ሽማግሌው እኔ ሳልፍ እንኳ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ወደ ግድግዳ ይዞራሉ። እስካሁን የጓሮውን ሽንት ቤት የሚጠቀሙት እኔ ወጥ ቤት መግባቴን አረጋግጠው ነው። የጓሮው ደግሞ አዲሱ እንዳለቀ ይደፈናል። ክረምት ነው፤ ማስተማር የለ፣ ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ።

ቀኑን ሙሉ ሳሎን ነኝ።

ሐምሌ 15፣ ማታ

አለቀ! ታምራለች። ወለሉ የማያዳልጥ፣ ደረጃ የለው፣ ገላ መታጠቢያው ሥር መቀመጫ አለ፣ ግድግዳው ላይ ወፍራም መያዣ ብረት። ታ. ብረቱን እየያዘ እየለቀቀ ሕፃን መሰለ። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሊያዩ መጡ። አንዷ አለቀሰች። ለአማቷ እንዲህ የምታስብ ምራት አላየሁም ብላ ባረከችኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

ሐምሌ 17

ሶፋው ላይ ነኝ። ሹራብ እሠራለሁ፤ ሹራብ ሥራ ስጠላ ለጉድ ነው። ሽማግሌው በከዘራ ወጡ፣ አዩኝ፣ ስለ ዝናቡ አንድ ነገር ብለው ተመለሱ። ቆየት ብለው ደግመው ወጡ። አሁንም ዝናቡ። ሦስተኛ ሲወጡ ስለ ምን እንደሚያወሩ ጠፋቸው። ሳቄ አመለጠኝ፣ በሳል አስመሰልኩት። ጎህ ሳይቀድ፣ እኛ ሳንነሳ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ እስክንተኛ የለም።

ሐምሌ 21

ውሃ መጠጣት ትተዋል። ለታ. ጾም ጸሎት ይዣለሁ አሉት። ቤተ ክርስቲያንም ተሰማ፤ ሽማግሌዎች መጥተው በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ መንፈሳዊነት እያሉ ተደነቁ። በዚህ ከተማ የምን ጾም እንደሆነ የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነን።

ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ብርጭቆ ሙሉ ውሃ ይዤ ገባሁ፣ ፊታቸው አስቀመጥኩ፣ ይጠጡ እንጂ አባባ አልኳቸው። አመሰገኑኝ። አልነኩትም። ክፉ ነኝ እንዴ? ነኝ። ቤቴን ግን እፈልገዋለሁ።

ሐምሌ 22

እህቴ ምህረት ከዱራሜ ደወለች። ሽማግሌው ክፍላቸውን ከፍተው መስኮቱ ሥር ያንቀላፋሉ። ቢነቁስ? እኔና እህቴ የምናወራው በከምባትኛ፤ እሳቸው የሌሞ ሰው፣ ከሀዲይኛና ከተሰባበረ አማርኛ ሌላ የላቸውም። ሁሉንም ነገርኳት። የበሩን፣ የሹራቡን፣ የጾሙን። ሰባት ቀን አይሞላም፣ ራሳቸው አዲሎ ውሰዱኝ ይላሉ አልኳት። ምህረት መጀመሪያ ሳቀች። ኋላ ዝም አለች። ኔትወርክ ነው ብዬ ዘጋሁት።

ሐምሌ 24፣ ክሊኒክ

ወደቁ። ክፍላቸው ውስጥ፣ ቁጭ ባሉበት። ጉሉኮስ ተሰካላቸው። ዶ/ሩ ውሃ ነው ያጡት፣ ትንሽ ቢቆዩ ኩላሊታቸው ያበቃ ነበር አለ። ታ. ኮሪደሩ ላይ አለቀሰ። እኔ ፈራሁ። ለሳቸው ይሁን ለራሴ አላውቅም፤ አትጠይቂኝ።

ከ/ሰዓት፦ ሻይ ይዤ ስገባ ሰማኋቸው። አጠገባቸው ካለው በሽተኛ ጋር ያወራሉ። ሰውየው የአንጋጫ ነው፣ የእኛው ከምባታ። የሚያወሩት በከምባትኛ ነው። እንደ ውሃ የሚፈስ፣ ተረትና ቀልድ ያለበት ከምባትኛ። በጎልማሳነታቸው አንጋጫና ዱራሜ ገበያ ፈረስ ሲነግዱ ኖረዋል ለካ። ታ.ን ጠየቅሁት። አዎ፣ አልነገርኩሽም እንዴ? አለኝ።

ሻዩን ኮሪደሩ ላይ ደፋሁት። አፌን በቆረጠው።

ሐምሌ 26

ወደ ቤት ተመለሱ። ለታ. ምንም አልነገሩትም። እሱ ሥራ ሄደ።

ሳሎን ነበርኩ። እየጠበቅኋቸው አልነበረም፣ እምልልሻለሁ። ከዘራው ተሰማ። ጋቢው ትከሻቸው ላይ ነው፤ ፊታቸው ተገልጧል። ዓይን ዓይኔን እያዩ ሳሎኑን አቋርጠው ገቡ። በሩን አልዘጉትም። ሹራቤ ላይ አቀረቀርኩ። ሁሉንም ሰማሁ።

እጃቸውን ታጥበው ወጡ። ፊቴ ቆሙ። ከመጡ ጀምሮ ጠርተውት የማያውቁትን ስሜን ጠሩ። በከምባትኛ ነው የተናገሩት፦

«አልማዝ፣ ሰው የሚያፍረው የሚያከብረውን ነው። አከብርሽ ነበር። አሁን ተገላገልኩ። ውሃ አምጪልኝ፣ በጆግ።»

አመጣሁ። ቆመው ጠጡ።

ሐምሌ 28፣ ማታ

ትናንት ደሳለኝን ጠራሁት። በሩ በኮሪደሩ በኩል ይዙር አልኩ። ሽማግሌው ሰሙ። ለልጃቸው በሀዲይኛ፣ በሩ እንዳለ ይሁን፣ ተስማምቶኛል አሉት። ታ. ደስ ብሎት አባቴ ለመደ፣ እንግዲህ የትም አይሄድም አለኝ። ደሳለኝ መሮውን ይዞ ተመለሰ።

ምናልባት አርጅተው ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። ሰው ሲያረጅ ነውር ይረሳል። ዛሬ ከሰዓት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ለጥየቃ መጡ። ሽማግሌው ሳሎን ተቀምጠው የጆጋቸውን ውሃ ጨርሰዋል። ተጨነቁ፣ ተቁነጠነጡ፣ ግንባራቸውን አላባቸው። አልተነሱም። ጋቢያቸውን ስበው አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ሴቶቹ ጸልየው፣ እኔን ደግመው ባርከው ወጡ። እስከ አጥሩ በር ሸኘኋቸውና ተመለስኩ።

እኔ ብቻ መቅረቴን ሲያዩ ተነሱ።